የእናቴን ልብና ኩላሊት ላስታረቀልን ፋርማሲስት

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። ስሙን እንዳልጠቅስ አደራ ብሎኛል፣ አደራውን አከብራለሁ። ዝም ብዬ ማለፍ ግን አልቻልኩም። እናቱ ወይም አባቱ የልብ ድካምም የኩላሊት ሕመምም አለባቸው ተብሎ ግራ የገባው ሰው ካለ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ሰውየው ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራ ክሊኒካል ፋርማሲስት ነው። ፋርማሲስት ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው በመስኮት መድኃኒት የሚሰጠንን ሰው ነው። የእሱ ሥራ ግን ሌላ ነው። ታካሚው የሚወስደውን ሁሉ አንድ ላይ አይቶ፣ የቱ ከየቱ እንደሚጋጭ፣ የቱ እንደበዛ፣ የቱ እንደጎደለ ለሐኪሞቹ ይነግራል። እንዲህ ዓይነት ባለሙያ መኖሩን እንኳ አናውቅም ነበር። ማንም አልነገረንም።

እናቴ የልብ ድካም ካለባት ቆይቷል። ኋላ ላይ ደግሞ ኩላሊቷም እየደከመ ነው ተባለ። ከዚያ ወዲህ ያየነውን ፍዳ ጠላቴም አይየው። ልቧን የሚያዩላት ቦታ ስንሄድ "ውኃ ቋጥራለች" ብለው የሚያሸናውን ክኒን ይጨምሩላታል። እብጠቱ ይጎድላል፣ ትንፋሿ ይመለሳል። እሰይ ብለን ሳንጨርስ የላቦራቶሪ ውጤት ይመጣል፤ ክሪያቲኒኑ (ኩላሊት ማጣራት ሲያቅተው ደም ውስጥ የሚጠራቀመው ቆሻሻ) ጨምሯል። ኩላሊቷን የሚያዩት ደግሞ ይቆጡናል። "ማነው ይሄን ያህል ያሸናት? ኩላሊቷን እኮ አደረቃችሁት!" ይሉናል፣ እኛ ያዘዝነው ይመስል። ክኒኑ ይቀነሳል። ብዙም ሳይቆይ እግሯ ያብጣል። ሌሊት ትራስ ደራርባ፣ ቁጭ እንዳለች ታነጋለች። ተመልሰን ወደ ልብ። እንደገና መጨመር። ተመልሰን ወደ ኩላሊት። እንደገና መቀነስ።

አንዱ ሐኪም ሌላው የጻፈውን አያነብም። ወረቀት የምናመላልሰው እኛ ነን። "የእኔ ድርሻ ልቧ ነው" ያለንን ሰው መቼም አልረሳውም። ሌላ ቦታ ደግሞ፣ እሷ እየሰማች፣ "ልቧን ስናክም ኩላሊቷ ይሄዳል፣ ኩላሊቷን ስናክም ልቧ ይሄዳል፣ እንግዲህ ምረጡ" ተባልን። ሰው እናቱን ምን ብሎ ይመርጣል? እናቴ ያን ቀን ቤት እስክንገባ ቃል አልተነፈሰችም። ማታ ላይ "ለምን ታንከራትቱኛላችሁ፣ ተዉኝ" አለች። ቦታዎቹንም ሰዎቹንም አልጠራም። የማንንም ስም ለማጥፋት አልተነሳሁም። ግን ሕመምተኛ ፊት የሚወጣ ቃል ከሕመሙ ባልተናነሰ ይጎዳል። ይህን ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል።

ድካሟ ሲብስ "እድሜ ነው" አሉን። ጉልበቷን ሲያማት ደግሞ ሌላ ቦታ ማስታገሻ ታዘዘላት፣ ዲክሎፌናክ። ልብና ኩላሊት እንዳለባት ካርዷ ላይ ተጽፏል። ገልጦ ያየ የለም።

ፋርማሲስቱን ያገኘነው ትንፋሿ አጥሮ ሆስፒታል በተኛችበት ጊዜ ነው። አልጋዋ አጠገብ መጣና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከላይ ቆሞ አላናገራትም። "እናቴ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ማየት እፈልጋለሁ። ቤት የቀረውንም፣ ያቆሙትንም" አላት። ፌስታሉን ሙሉ አመጣንለት። አልጋው ጠርዝ ላይ አንድ በአንድ ደረደረው። እያንዳንዱን ማሸጊያ እያገላበጠ ያነባል፣ ከዚያ ይጠይቃታል። እኔን አይደለም፣ እሷን። "ይሄን መቼ መቼ ነው የሚወስዱት? ሲወስዱት ምን ይሰማዎታል? ይሄንንስ ማን አስቆመዎት?" እናቴ ይህን ያህል የጠየቃት ሰው አግኝታ አታውቅም። መጀመሪያ ፈራ ተባ አለች፣ ኋላ ግን ታወራለት ጀመር።

የዲክሎፌናኩን ማሸጊያ ለብቻ አወጣው። ግማሹ ተወስዷል። "ይሄ ዛሬውኑ ይቆማል" አለ። ይህ ዓይነት ማስታገሻ፣ አይቡፕሮፌንም ጭምር፣ ሰውነት ጨውና ውኃ እንዲይዝ ያደርጋል፣ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳል፣ የሚያሸናውንም ክኒን ኃይል ያሳጣዋል አለን። ለካ አንዱ ቦታ ውኃውን ለማስወጣት ሲታገሉ፣ ሌላው ቦታ የሰጧት ያስቀረው ነበር።

ከዚያ የእግሯን ሹራብ ዝቅ አድርጎ ቁርጭምጭሚቷ ላይ አውራ ጣቱን ጫን አድርጎ ያዘ። ሲያነሳው ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። "እናታችን አልደረቁም" አለኝ። "ውኃ ሞልተዋል። ኩላሊታቸውም የተጨነቀው ከዚሁ የተነሳ ሊሆን ይችላል።"

ያስረዳንን በገባኝ መጠን ልንገራችሁ። ሁለቱ ኩላሊቶቻችን ተደምረው ከሰውነታችን ክብደት ግማሽ በመቶ አይሞሉም። ሆኖም እረፍት ላይ ስንሆን ልብ ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛ ያህሉ ወደ እነሱ ነው የሚሄደው። ልብ ሲደክም ታዲያ ደሙ ይጎድልባቸዋል። ኩላሊት ደግሞ ልብ እንደደከመ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ሰውነቱ ውኃ ያጣ ይመስለዋል። ስለዚህ ጨውና ውኃ ይይዛል፣ የደም ሥሮችን የሚያጠብ ሆርሞንም እንዲመነጭ ያደርጋል። ያ የተያዘ ውኃ ተመልሶ የሚጫነው ያንኑ የደከመ ልብ ነው። ልብ ይበልጥ ይደክማል፣ ኩላሊትም ይበልጥ ይይዛል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። እኛ እስከዚያ ቀን የሰማነው ውኃው ሲወጣ ኩላሊት ይጎዳል የሚለውን ብቻ ነበር። እሱ እንዳለው ደግሞ፣ ልብ ተቀብሎ መግፋት ያቃተው ደም ወደ ኋላ ይጠራቀማል፣ ከኩላሊት በሚወጣው የደም ሥር ውስጥም ግፊት ይጨምራል። ታች የተደፈነ ቱቦ ላይ ውኃ እንደማፍሰስ ነው። መውጫው ሲጨናነቅ ማጣራቱም ይቀንሳል። ስለዚህ ክሪያቲኒን የሚጨምረው ውኃ ሲያንስ ብቻ ሳይሆን ሲበዛም ነው። ውጤቱ ላይ የሚታየው ቁጥር አንድ ነው፣ ምክንያቱ ግን ተቃራኒ። ለካ ወረቀት ብቻ አይቶ ክኒን መጨመርና መቀነስ የማይበቃው ለዚህ ነው። እግሯን መንካት፣ የአንገቷን ሥር ማየት፣ ሳንባዋን ማዳመጥ ያስፈልጋል።

ሐኪሞች ይህን ነገር ካርዲዮሪናል ሲንድሮም ይሉታል። በ2008 እ.ኤ.አ. በ5 ዓይነት ከፍለውታል። አንዳንዱ ከልብ ይጀምራል፣ አንዳንዱ ከኩላሊት፣ አንዳንዱ ደግሞ እንደ ስኳር ሁለቱንም ከሚጎዳ ሌላ ሕመም ይመጣል። ዝርዝሩ ለእነሱ ይሁን። እኔን ያጽናናኝ ስም ያለው፣ የታወቀ ነገር መሆኑ ነው። እኛ ላይ ብቻ የወረደ መዓት መስሎን ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሌላውን ሁሉ ብረሳ ይህን አልረሳም። የሥራ ሰዓቱ አልቆ ነበር። ጋዋኑን አውልቆ ጃኬቱን ለብሷል። ስልኩን አወጣና የልብ ሐኪሟ ጋ ደወለ። አልተነሳም። የኩላሊት ሐኪሟ ጋ ደወለ። እሳቸውም ሥራ ላይ ነበሩ። ሌላ ሰው ቢሆን "ነገ አነጋግራቸዋለሁ" ብሎ ይሄድ ነበር፣ ማንም አይፈርድበትም። እሱ ግን ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ደግሞ ደወለ። በመጨረሻ ሁለቱንም በአንድ መስመር አገናኛቸው። አንድ ላይ ሆነው ስለ አንዲት ሴት አወሩ። ስንት ጊዜ የለመንነው ነገር፣ አንድ ሰው ጃኬቱን እንደለበሰ ኮሪደር ላይ ጨረሰው! እናቴ በተከፈተው በር አሻግራ እያየችው "የማን ልጅ ነው?" አለችኝ።

የተስማሙበትን ሁሉ አልተረዳሁትም። የገባኝ መጀመሪያ ውኃው በደም ሥር በሚሰጥ መድኃኒት በደንብ እንዲወጣ፣ ኩላሊቷም በየቀኑ እንዲታይ መወሰኑ ነው። ክሪያቲኒኑ ይጨምራል ብለን ስንፈራ፣ እብጠቷ እየጎደለ ሲሄድ እሱም ወረደ። ወረደ! ውጤቱን ሲያሳየን ከእኛ ባልተናነሰ ደስ ብሎት ነበር።

ከዚያ ኤናላፕሪል የሚባለው፣ የደም ሥርን አስፍቶ ለልብ ሥራ የሚያቀልለው ክኒን መጣ። ይህን መድኃኒት ቀደም ሲል አንድ ቦታ "ኩላሊት ይጎዳል" ብለው ድንገት አስቁመውባት ነበር። እሱ እንዳስረዳን፣ ሲጀመር ክሪያቲኒን ትንሽ ከፍ ማለቱ የሚጠበቅ ነው። መጠኑን አልፎ ካልሄደና ፖታሲየሙ (ደም ውስጥ ሲበዛ የልብ ምትን የሚያውክ ማዕድን) ካልጨመረ ግን ለደከመ ልብ የሚሰጠው ጥቅም ትልቅ ነው። ሐኪሞቿ በትንሽ መጠን መልሰው ጀመሩላት። ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ደም እንድንሰጥ እሱ ራሱ ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጠን። ኋላም ዳፓግሊፍሎዚን የሚባል ተጨመረላት። መጀመሪያ ለስኳር ሕመም የወጣ ነው፣ ስኳር ለሌለባቸውም ልብንም ኩላሊትንም እንደሚረዳ በጥናት ታውቋል። እስከዚያ ድረስ አንዱን ሲጠቅም ሌላውን የሚጎዳ መድኃኒት ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር።

"እድሜ ነው" የተባለው ድካምስ? ደሟ ዝቅ ብሎ ነበር። ደም እንዲመረት የሚያዘውን ሆርሞን በአብዛኛው የሚያመነጨው ኩላሊት ነው። ኩላሊት ሲደክም የደም ማነስ ይመጣል፣ ደም ሲያንስ ደግሞ ልብ ከአቅሙ በላይ ይሮጣል። አይረኗ (ደም ለመሥራት የሚያስፈልገው የብረት ማዕድን) እንዲመረመር ያሳሰበው እሱ ነው። ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘ፣ ታከመች። ስንት ጊዜ እድሜዋን ተጠያቂ አድርገን ኖርን!

እናቴ ድናለች አልላችሁም። ሁለቱም ሕመሞች ዛሬም አሉ። ግን ተኝታ ታድራለች። ደረጃ ትወጣለች። "ተዉኝ" የሚለው ቃል ከአፏ ጠፍቷል።

ቤት የምናደርገውንም እሱ ነው ያስያዘን። ጠዋት ሽንቷን ከሸናች በኋላ፣ ምንም ሳትቀምስ፣ በአንድ ሚዛን ትመዘናለች፣ ደብተር ላይ ይጻፋል። በ3 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረች እግሯ እስኪያብጥ አንጠብቅም፣ እንደውላለን። ጨው ተቀንሷል፣ በቀን ከ5 ግራም እንዳያልፍ። የጨው ምትክ ተብሎ ከሚሸጠው ግን ተጠንቀቁ። ብዙውን ጊዜ ፖታሲየም አለበት፣ ኩላሊቱ ለደከመና እንደ ኤናላፕሪል ያለ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው አደገኛ ነው። ተቅማጥ ወይም ትውከት ሲይዛትም ቶሎ እንድንደውል ነግሮናል፣ አንዳንዱ መድኃኒት ለጊዜው መቆም ሊኖርበት ስለሚችል። ይህን የሚወስነው ግን ሐኪም ነው፤ በራሳችሁ እንዳታቆሙ።

ወገኖቼ፣ ሁለቱም ሕመም ያለበት ሰው ካላችሁ፣ የምትታከሙበት ሆስፒታል ክሊኒካል ፋርማሲስት እንዳለው ጠይቁ። ካለ ሳታዩት አትውጡ። መድኃኒቱን በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፣ ያለቀውን ማሸጊያ ሳይቀር። ከሌለም ሐኪሞቹን "ከሌላኛው ሐኪሟ ጋር ተነጋግራችኋል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። አትፈሩ፣ ደግማችሁ ጠይቁ። ለጉልበት፣ ለወገብ፣ ለራስ ምታት ማስታገሻ ሲሰጣችሁ ደግሞ ልብና ኩላሊት እንዳለ ሳትናገሩ አትቀበሉ። ያን ሁሉ ክኒን እየዋጡ ለምን አልተሻለኝም የሚሉ ብዙ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ምናልባት መፍትሔው አዲስ ክኒን መጨመር ላይሆን ይችላል፣ ያሉትን ደርድሮ የሚያይ ሰው ይሆናል።

አንተ ወንድሜ፣ ይህን እንደምታነበው አውቃለሁ። ሥራዬ ነው ትለኛለህ፣ ያን ቀንም ያልከኝ እሱን ነው። ሥራህ መሆኑን አልክድም። ግን ስንቶች ሥራቸው የነበረውን ትተውብን ነው አንተ ጋ የደረስነው። እናቴ ይህን እንድጽፍልህ አዛኛለች፤ "ልጄ፣ ትንፋሼን እንደመለስክልኝ እግዜር የልብህን መሻት ይሙላልህ፤ የወለደችህም እናት አንተን አይታ ትርካ።"