ቪኤይት ወይስ ዲስከቨሪ? ያገለገለ የናፍጣ ፎር ባይ ፎር ገዝቶ ለረጅም ጉዞ ማዘጋጀት

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ውስጥ ማስገባት ተከልክሏል። ስለዚህ የናፍጣ ፎር ባይ ፎር የሚፈልግ ሰው ምርጫው እዚሁ ካለው ነው። ያለው ደግሞ እያረጀ ይሄዳል እንጂ አይጨምርም። «የትኛው ያምራል?» የሚለውን ትተን፣ «የትኛው ነው ኦሞ ደርሶ የሚመለሰው? ለዚያስ ምን ይጨመርበት?» የሚለውን እንያዝ።

ሁለት መኪኖችን ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። አንደኛው ሁሉም የሚያውቀው ቪኤይት ነው፤ ከ2007 እስከ 2021 የተመረተው ላንድክሩዘር 200፣ ባለ 4.5 ሊትር ናፍጣ። ሁለተኛው ላንድሮቨር ዲስከቨሪ 4 ነው፤ ከ2009 እስከ 2016 የተመረተው፣ ባለ 3 ሊትር ናፍጣ። የሞዴል ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ሻጩም ደላላውም የሚጠሩት እንደዚያ ነው።

ድምዳሜዬን ከወዲሁ ልናገር። ቪኤይት ከገዛችሁ የተረፈውን ገንዘብ ዕቃ መጨመር ላይ አውሉት። ዲስከቨሪ ከገዛችሁ ግን ጥገና ላይ አውሉት፤ ዕቃውን ፋብሪካው አስቀድሞ ጨምሮበታል። ብዙ ሰው ይህን ይገለብጠዋል። ዲስከቨሪው ላይ ዊንች (መኪናው ሲያዝ የሚያወጣ መጎተቻ) እና መብራት ይደረድራል፣ ቺንጋው (የሞተሩን ክፍሎች የሚያዞረው ቀበቶ) ግን ዕድሜው አልፏል።

ሞተሩ

በጉልበት ብዙም አይበላለጡም። ቪኤይቱ 8 ሲሊንደርና ሁለት ቱርቦ ይዞ 650 ኒውተን ሜትር ያወጣል። ዲስከቨሪው በ6 ሲሊንደር እስከ 600 ይደርሳል። ባሌ ውስጥ ከጎባ ወደ ሰነቲ ስትወጡ መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ ይዘልቃል። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ትንፋሽ ያጥረዋል። እነዚህ ሁለቱ ግን ያን ያህል አይደክሙም።

ልዩነቱ የሚታየው ሲበላሹ ነው።

የቪኤይቱ ጠላት አቧራ ነው። የአየር ፊልትሮው ቤት በደንብ አለመግጠሙ በብዙ አገር የታወቀ ድክመቱ ነው። የላመ አቧራ በፊልትሮው ጠርዝ ሾልኮ ይገባና ቱርቦውንም ሲሊንደሩንም ይበላል። ልትገዙ ስትሄዱ ፊልትሮውን አስወጡ። ከፊልትሮው ወዲያ ያለውን ቱቦ ውስጡን በነጭ ጨርቅ ጥረጉት። ጨርቁ አቧራ ይዞ ከወጣ መኪናውን ተዉት፤ ቀለሙ ቢያብረቀርቅም፣ ወንበሩ ቆዳ ቢሆንም ተዉት። ንጹሕ ከሆነ ግን ከገዛችሁ በኋላ ጠርዙን በግራሶ እያሸጋችሁ ተጠቀሙ፣ አየር ከጣሪያ ከፍታ የሚስበውን ቱቦ፣ ስኖርክልንም ጨምሩበት። ስኖርክል ለውሃ ብቻ የሚመስላቸው አሉ። እኛ አገር ትልቁ ጥቅሙ ከፊት የሚሄደው መኪና ከሚያስነሳው አቧራ ከፍ ብሎ አየር መሳቡ ነው።

ሌላው ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር የሚረጨው ኢንጀክተር ነው። 8 ናቸው፣ ርካሽ አይደሉም። ከከተማ ርቃችሁ ከበርሜል ናፍጣ የምትሞሉ ከሆነ ውሃ የሚለይ ተጨማሪ የናፍጣ ፊልትሮ ማስገጠም ከማንኛውም ጌጥ ይቀድማል። በኋለኞቹ ዓመታት ለአንዳንድ ገበያ የተሠሩት ጭስ ማውጫቸው ላይ ጥቀርሻ ማጣሪያ አላቸው። ጥራቱ በማይታወቅ ናፍጣ ይህ ማጣሪያ ቶሎ ይደፈናል፤ የምትገዙት ይኑረው አይኑረው አስቀድማችሁ እወቁ።

የዲስከቨሪው ችግር ከዚህ ይከፋል። በዚህ ሞተር የኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ብሮንዚና (ዘንጉን የሚያቅፈው ማቀፊያ) ዞሮ ኮሎው የተሰበረባቸው መኪኖች በየአገሩ አሉ። ብዙ ጊዜ ምልክት ሳይሰጥ ነው የሚመጣው። ሲመጣ ሞተሩ አለቀለት ማለት ነው። ሙሉ በሙሉ የሚከላከል ነገር የለም። ዘይት ቶሎ ቶሎ መቀየር ግን ይረዳል፤ የአምራቹን ረጅም ቀጠሮ ሳትጠብቁ በ8,000 ወይም በ10,000 ኪሎ ሜትር ቀይሩ። የዘይት ቅያሪ ታሪኩ በወረቀት የማይታይ ዲስከቨሪ፣ በግማሽ ዋጋም ቢሆን ውድ ነው።

ቺንጋውም ሁለት ነው። አንዱ ከፊት ነው። ሌላው ከኋላ ሆኖ የናፍጣ ፖምፓውን ያዞራል፤ ይህን የሚረሳ መካኒክ አለ። ቱርቦ ሲቀየር ደግሞ ብዙ ጊዜ ቦዲው ከሻንሲው ላይ ይነሳል። ይህ መንገድ ዳር የሚሠራ ሥራ አይደለም። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ብትዞሩ የላንድክሩዘር ስፔር ታገኛላችሁ፤ ለዲስከቨሪው ግን ማሳዘዝና መጠበቅ ልመዱ። ለቪኤይቱ ከዱባይ የምታስመጡም ካላችሁ አንድ ነገር አስተውሉ። ገልፍ ውስጥ ያለው 200 አብዛኛው ቤንዚን ነው። ሾኩ፣ ፓራውልቱ፣ በሩ ይገጥማል። የሞተር ዕቃ ግን አይሆንላችሁም።

ሞላ ወይስ አየር

እዚህ ላይ ነው ሁለቱ በእርግጥ የሚለያዩት።

ቪኤይቱ ከፊት እግሮቹ ለየብቻ ይንቀሳቀሳሉ፣ ከኋላ ድፍን አክስል አለው፣ የተሸከመውም ሞላ ነው። ከመሬት ያለው ከፍታ 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አይወርድም፣ አይወጣም። ዲስከቨሪው አራቱም እግሩ ለየብቻ ሲሆን ሞላ የለውም፤ የሚሸከመው በአየር ነው። አስፋልት ላይ 18.5 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቀመጣል። ቁልፍ ስትጫኑ ወደ 24 ይነሳል። ማለትም ሁለቱም ምንም ሳይነኩ ከገዛችኋቸው፣ ድንጋይ ላይ ከፍ የሚለው ዲስከቨሪው ነው። ከሰነቲ ወደ ሐረና ጫካ በሚወርደው መንገድ፣ ጭቃ ሲሆን፣ ይህ ከፍታና ማርሹን፣ ፍሬኑንና ዲፍረንሻሉን ለጭቃ፣ ለአሸዋ፣ ለድንጋይ እየለየ የሚያስተካክለው ኮምፒውተሩ ለአዲስ ነጂ ትልቅ እገዛ ነው።

ቪኤይቱን እዚያ ደረጃ ለማድረስ ሞላና ሾክ ትቀይራላችሁ። 5 ሴንቲ ሜትር ማንሳት በቂ ነው። ከዚያ በላይ ከሄዳችሁ የፊት አክስሎቹ ዘንበል ብለው ስለሚሠሩ ላስቲካቸው ይቀደዳል፣ መገጣጠሚያቸውም ይበላል። ሞላውን ስትመርጡ ሁልጊዜ የምትጭኑትን ክብደት አስቡ እንጂ በዓመት አንድ ጊዜ የምትጭኑትን አይደለም። ለከባድ ጭነት የተሠራ ሞላ ያለ ጭነት አዲስ አበባ ውስጥ ሲነዳ ወገብ ይሰብራል። ውድ በሆኑት ሞዴሎች ላይ ደግሞ መኪናው እንዳያዘነብል የሚይዙት ዘንጎች በዘይት ግፊት ይሠራሉ። ሞላ ሲቀየር ሻንሲው ላይ ያሉት ሁለት ቫልቮች ካልተከፈቱና ግፊቱ ካልተስተካከለ መኪናው ወደ አንድ ጎን አጋድሎ ይቀራል። ይህን የማያውቅ ጋራዥ ሞላውን መልሶ መላልሶ ይፈታል፤ ጥፋቱ ግን ሞላው ላይ አይደለም።

ዲስከቨሪውን ለማንሳት ሰዎች ከፍታ የሚለካውን ዳሳሽ የያዘችውን ትንሽ ዘንግ በሌላ ይቀይራሉ። ኮምፒውተሩ ይታለልና መኪናው ከፍ ይላል። ርካሽ ነው፣ ይሠራልም። ግን ከፍ ብሎ በቆየ ቁጥር አነዳዱ ይደርቃል፣ የአክስል መገጣጠሚያውም ቶሎ ያልቃል። እኔ ብሆን ገንዘቡን አዲስ የአየር ኮምፕሬሰር ላይ ነው የማውለው። ኮምፕሬሰሩ ያልቃል፤ ሲያልቅ መኪናው ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ ኦሞ ውስጥ ያለውን የቱርሚን መንገድ መሄድ አይቻልም። በተጨማሪ አየሩን ከውጭ በጎማ መንፊያ መሙላት የሚያስችሉ ቫልቮች ይሸጣሉ። አስገጥሟቸው። አየሩን አውጥተው ሞላ የሚያስገቡም አሉ። ይህ ዲስከቨሪ የተገዛበትን ምክንያት ማጥፋት ነው፤ ሞላ የሚወድ ሰው ቪኤይት ይግዛ።

ጎማ

ከጥገናው ሌላ ምንም ነገር ባትቀይሩ ጎማ ቀይሩ። አፋር ውስጥ ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የጎማን ጎን ነው የሚቀደው። ስለዚህ የጎኑ ቁመት ወሳኝ ነው። የዲስከቨሪ 4 ፍሬን ትልቅ ስለሆነ ከፋብሪካው የሚመጣው ቢያንስ ባለ 19 ቸርኬ ነው። የተለመደው 255/55 ጎማ (ወርዱ 255 ሚሊ ሜትር፣ ጎኑ የወርዱ 55 በመቶ) የጎን ቁመቱ 14 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ቪኤይቱ በባለ 18 ቸርኬ 285/60 ያደርጋል፤ 17 ሴንቲ ሜትር ነው። ትንሽ ስታነሱት 285/65 ይገባለታል፤ ያ ደግሞ 18.5 ነው። ለዲስከቨሪው ፍሬኑን የሚያሳልፍ ልዩ ባለ 18 ቸርኬ ውጭ አገር ይሠራል። ማሳዘዝ ከቻላችሁ ከዊንች በፊት ይህን እዘዙ። ባለ 20 ወይም ባለ 21 ቸርኬ ያለውን ግን ለሰርግ ተዉት።

ናፍጣና ጭነት

ዕቃ የጫነ ቪኤይት በአንድ ሊትር 6 ወይም 7 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ዲስከቨሪው 8 ወይም 9 ያስኬዳል። ግን ሁለት ታንክ ያለው ቪኤይት 138 ሊትር ይይዛል፤ ዲስከቨሪው 82 ሊትር ገደማ። ስለዚህ ብዙ የሚጠጣው ነው ርቆ የሚሄደው፤ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ለ700። የምታዩት ቪኤይት ሁለተኛ ታንክ እንዳለው አረጋግጡ፤ ሁሉም የለውም። ለዲስከቨሪው ጄሪካን መያዝ ግድ ነው።

ጄሪካኑን ፖርቶመጋላ ላይ እንዳታስቡት። የዲስከቨሪው ጣሪያ የተፈቀደለት 75 ኪሎ ነው። የጣሪያ ድንኳን ብቻውን ያንን ሊጨርሰው ትንሽ ነው የሚቀረው። ውስጡ ግን ድንቅ ነው። የኋላ ወንበሮቹ ሁሉ ተኝተው ወለሉ ሜዳ ይሆናል፤ ሁለት ሰው ፍራሽ አንጥፎ ይተኛበታል። የቪኤይቱ ሦስተኛ ረድፍ ወንበሮች ወደ ጎንና ጎን ተጣጥፈው ቦታ ይይዛሉ። ፈታችሁ ቤት አስቀምጧቸው፤ ቦታ ታተርፋላችሁ፣ ክብደትም ትቀንሳላችሁ።

ወጪውን በምን ተራ?

ለቪኤይት፦ መጀመሪያ ፊልትሮና ሙሉ ሰርቪስ፣ ቀጥሎ ጎማና ሁለተኛ ስኮርት (ትርፍ ጎማ)፣ ከዚያ ሞላና ሾክ፣ ከዚያ የሆድ ዕቃውን የሚከላከል ብረት። ዊንች የመጨረሻ ነው። ለብቻችሁ የማትጓዙ ከሆነ ጠንካራ የመጎተቻ ገመድና አካፋ ብዙውን ጊዜ ይበቃሉ።

ለዲስከቨሪ፦ ሁለቱ ቺንጋ፣ ዘይት፣ የፊት እግር ቦኮላዎች (የላስቲክ መገጣጠሚያዎች)፣ የአየር ኮምፕሬሰር። ከዚያ የብልሽት ኮድ የሚያነብና የሚያጠፋ መሣሪያ ግዙ፤ ያለ እሱ ከከተማ አትውጡ። የእጅ ፍሬኑ ኤሌክትሪክ ነው፤ ጭቃና አቧራ ሲገባበት ይጮሃል፣ ይይዛልም። ከጭቃ ጉዞ በኋላ ይጸዳ። ከዚህ ቀጥሎ ጎማ።

ለሁለቱም በጀት ያልበቃው ፕራዶ 150 አለ። ባለ 3 ሊትሩ ናፍጣ ጉልበቱ 400 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፤ ዳገት ላይ ትዕግሥት ይፈልጋል። ስፔሩም መካኒኩም ሞልቷል። የኢንጀክተሮቹን የመዳብ ማሸጊያዎች ብቻ በጊዜ አስቀይሩ፤ ሲያፈሱ ጥቀርሻው የዘይት መሳቢያውን ይደፍናል።

ስትገዙ

ሞተሩን ቀዝቅዞ አግኙት። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። ዲስከቨሪውን ማታ ሜዳ ላይ አቁማችሁ ጠዋት እዩት፤ አንድ ጥግ ከወረደ አየር ያፈሳል። ከ2013 ማብቂያ በኋላ ከወጡት ዲስከቨሪዎች መካከል ሎው ማርሽ (ለዳገትና ለጭቃ የሚሆነው ዝቅተኛ ማርሽ) የሌላቸው አሉ። ከማርሹ አጠገብ የሎው ቁልፍ ከሌለ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ አስጨምራለሁ ብላችሁ አትሞኙ። ቪኤይቱ ደግሞ ከኤምባሲ ወይም ከእርዳታ ድርጅት የወጣ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ብዙ ጊዜ በደንብ የተያዙ ናቸው፣ ግን ከቀረጥ ነፃ ገብተው ሊሆን ይችላል። ሊብሬውንና ቀረጡ የተከፈለበትን ሰነድ ሳታዩ ቀብድ አትስጡ።