ለስላሳ መሬት ላይ ልትሠሩ ነው? የኮንክሪት ስባሪ፣ ስላግ፣ የከሰል አመድ ወይስ አሮጌ ጎማ

መሬቱን ለማጠንከር ከእነዚህ ተረፈ ምርቶች አንዱን ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። መሠረቱ ከሚያርፍበት ጥልቀት ከወጣው ሸክላ እንቁላል የሚያክሉ ሁለት ድቡልቡሎች ሥሩ። አንዱ ባዶውን ይሁን፤ ሌላውን ሻጩ ካመጣው የስላግ (ከብረት ማቅለጫ የሚወጣ ተረፈ ምርት) ወይም የአመድ ዱቄት ጋር እሱ ባለው መጠን እሹት። በላስቲክ ጠቅልላችሁ አንድ ሳምንት አቆዩዋቸው፣ ከዚያ ጥላ ውስጥ አድርቃችሁ ሁለቱንም ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ክተቱ። ባዶው ሸክላ ወዲያው ጠርዙ መሸራረፍ ይጀምራል፤ ብዙ ሳይቆይ ከብርጭቆው ሥር የተዘረጋ ጭቃ ነው። የተቀላቀለውም እንደዚያው ከፈረሰ፣ ዱቄቱ ለሌላ አፈር ቢሠራም ለእናንተ አይሆንም። ቅርጹን ይዞ ከቆመ ወደ ላቦራቶሪ ብትወስዱት ገንዘባችሁ በከንቱ አይወጣም።

ይህን ያስቀደምኩት ብዙ ሰው ምርጫውን የሚጀምረው ከአፈሩ ሳይሆን በቅርብና በርካሽ ከተገኘው ተረፈ ምርት ስለሆነ ነው። መሬት ግን ሁሉ የሚያስቸግረው በአንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ሸክም ሲያርፍበት ይሰምጣል። ሌላው፣ በተለይ መረሬው፣ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ለመጀመሪያው የሚሆን መፍትሔ ሁለተኛውን ሊያባብሰው ይችላል።

የኮንክሪት ስባሪ የመጀመሪያው ችግር፣ የመስመጡ፣ መድኃኒት ነው። የፈረሰ ሕንፃ ኮንክሪት ብረቱ ተለቅሞ ይሰበርና እንደ ጠጠር በወንፊት ይለያል። በሚንቀጠቀጥ ዘንግ መሬቱ ይበሳና ጠጠሩ እየተጠቀጠቀ ሲሞላ፣ ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ዓምድ ይወጣዋል። ትልቁ ጥቅሙ እንደ ሲሚንቶ እስኪጠነክር አለመጠበቁ ነው። በዚያ ላይ ውኃ ስለሚያሳልፍ ከሸክላው የሚጨመቀው ውኃ በእሱ በኩል ይወጣል፤ ስለዚህ መስመጡ ለዓመታት ሳይጓተት ቶሎ ያልቃል። ነገር ግን ዓምዱ የሚቆመው ዙሪያው ያለው አፈር ስለያዘው ነው። የሸክላው ጥንካሬ (መንሸራተትን የሚቋቋምበት) ከ15 ኪሎፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ በታች ከሆነ ዓምዱ እንደ ሆድ ወደ ጎን ይነፋል፤ ያኔ በጂኦቴክስታይል (ውኃ የሚያሳልፍ ጠንካራ ሰው ሠራሽ ጨርቅ) ከረጢት ውስጥ መሞላት አለበት። ለሚያብጥ አፈር ደግሞ አልመክረውም፤ ለውኃ ወደ ታች መግቢያ በር መክፈት ነው።

ክምሩ ዘንድ ስትሄዱ ነጫጭ ቁርጥራጮችን ፈልጋችሁ በጥፍራችሁ ጫሩ። በቀላሉ ዱቄት የሚሆነው ጂፕሰም (ጄሶ) ነው፤ ከእርጥበት ጋር ሰልፌት የተባለ ጨው እየለቀቀ በላዩ የሚፈሰውን ኮንክሪት ይበላል። ደቃቁ ዱቄት ካልተነፋም ተመልሶ ይጋገርና የውኃውን መንገድ ይዘጋል። ከኮንክሪት ስባሪ የሚወጣው ውኃ በጣም ኖራማ ስለሆነ (የአሲድና የኖራማነት መለኪያው ፒኤች ከ11 ሊያልፍ ይችላል) ቦታው ወንዝ ወይም ጉድጓድ ዳር ከሆነ አስቡበት።

ለሁለተኛው ችግር መድኃኒቱ አፈሩን ራሱን መለወጥ ነው፤ እዚህ ላይ ውድድሩ በስላግና በከሰል አመድ መካከል ነው። ብረት ማዕድን ሲቀልጥ የሚንሳፈፈው ስላግ በውኃ በድንገት ቀዝቅዞ ሲፈጭ እንደ ሲሚንቶ ይሠራል፤ ግን እንቅልፋም ነው፣ የሚቀሰቅሰው ኖራ ወይም ጥቂት ሲሚንቶ ይፈልጋል። ቸኩሎ የሚሠራ ሰው አይወደውም፤ በ28 ቀን መጠነኛ የሆነው ጥንካሬ በ90 ቀን በደንብ ይጨምራል፣ ብርድ ደግሞ ይበልጥ ያዘገየዋል። እኔ ግን ሰልፌት ላለበት ሸክላ ከእሱ የተሻለ አላውቅም። እንዲህ ያለ አፈር ላይ ኖራ ብቻውን ሲጨመር መርፌ የመሰለ ኤትሪንጋይት የተባለ ክሪስታል ይፈጠርና ሊያጠነክሩት የነበረው መሬት ይነሳል። ከኖራው አብዛኛው በስላግ ሲተካ ይህ እብጠት በጣም ይቀንሳል።

ደረሰኙ ላይ «ስላግ» ብቻ የሚል ቃል ካያችሁ አትፈርሙ። ብረት ከማዕድኑ ሲወጣ የሚገኘው ስላግና አረብ ብረት ሲሠራ የሚገኘው ስላግ በስም እንጂ በጠባይ አይገናኙም። የኋለኛው ውስጥ የቀረ ነፃ ኖራ ለዓመታት እያበጠ የቤት ወለል ያነሳል።

የከሰል አመድም ሁለት ነው። ካልሲየሙ ከፍ ያለው ውኃ ሲነካው ራሱ ይጠነክራል፤ ብዙ ጊዜ ከደረቁ አፈር ክብደት ከ10 እስከ 20 በመቶ ይጨመራል። ከተቀላቀለ በኋላ በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ በሮለር ካልተዳመጠ ግን ጥንካሬው ይባክናል፤ ሠራተኞቹ ምሳ ወጥተው እስኪመለሱ አይጠብቅም። ካልሲየሙ ዝቅ ያለው ኖራ ካልታከለበት ከመሙያነት አያልፍም። በሁለቱም ሳይቃጠል የቀረ ካርቦን ጠላት ነው፤ ለኮንክሪት የሚሆን አመድ እንደገና ሲቃጠል የሚጎድለው ክብደት ከ6 በመቶ እንዳይበልጥ ይፈለጋል፣ ለአፈርም ይህን መለኪያ ብትይዙ አትጎዱም። የሩዝ ገለፈት አመድ በሲሊካ (የአሸዋ ዋና ማዕድን) ሀብታም ቢሆንም የሚጠቅመው በተመጠነ ሙቀት ከተቃጠለ ነው፤ ሜዳ ላይ የነደደ ጥቁር ክምር አትግዙ።

ረግረግና የበሰበሰ ቅጠል ያለበት ጥቁር ንብርብር ካጋጠማችሁ ኖራ አይረዳችሁም፤ አሲዱ ይይዘዋል። ያኔ ከሲሚንቶ ጋር የተደባለቀ ስላግ፣ ያውም በዛ ተደርጎ፣ አለዚያም ቆፍሮ ማውጣት ነው።

አሮጌ ጎማ ተቆራርጦ ሲሞላ ከአፈር ከሲሶ እስከ ግማሽ ብቻ ስለሚመዝን ከድጋፍ ግንብ ጀርባና ለመንገድ ሙሊት ጥሩ ነው። ከመሠረት ሥር ግን ይጨመቃል፤ እኔ አልገዛውም። በ1995 አሜሪካ ውስጥ በዋሽንግተንና በኮሎራዶ ግዛቶች በወፍራሙ የተሞላ ጎማ ከውስጡ ግሎ ተቃጥሎ ነበር፤ ኋላ የወጣው የአሜሪካው የደረጃዎች ድርጅት ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም ዲ 6270 መመሪያ የአንዱን ንብርብር ውፍረት በ3 ሜትር የገደበው ከዚያ ተምሮ ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ ተረፈ ምርት እንደ ከረጢት ሲሚንቶ አንድ ወጥ አይደለም፤ ሰኞ የመጣውና ዓርብ የመጣው ሊለያዩ ይችላሉ። ሻጩ የሌላ ቦታ ውጤት ቢያሳያችሁ አመስግኑትና በራሳችሁ አፈር፣ ውኃ ውስጥ ከተነከረ በኋላም ጭምር፣ እንዲፈተን ጠይቁ። ከየመኪናው አንድ አንድ ኪሎ አሽጋችሁ ቀኑን ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ወለሉ ከተነሳ በእጃችሁ ያለው ማስረጃ ያ ከረጢት ነው።