የዲኤክስ ራዲያተር ሲያፈስ፦ ማስበየድ፣ ኮር ማስቀየር ወይስ አዲስ መግዛት?

«ራዲያተሬ ያንጠባጥባል፣ አዲስ ልግዛ ወይስ ላስበይደው?» ዲኤክስ፣ የድሮዋን ቶዮታ ኮሮላ፣ የሚነዱ ወዳጆቼ በየተራ እየደወሉ የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። መልሴ አልተቀየረም፤ ከመኪናው ጋር የመጣውን አትጣሉት። ምክንያቱን አንዴ ልጻፈውና ለሚቀጥለው ጠያቂ ይህን እልክለታለሁ። የቮልስ ባለቤቶች ከዚህ መመለስ ትችላላችሁ። የእናንተ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፣ ይህ ጣጣ አይመለከታችሁም።

ከዋጋ እንጀምር፣ ሁላችንም የምናስበው እሱን ስለሆነ። ሰሞኑን የመኪና መለዋወጫ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራና አካባቢው ዞሬ ስጠይቅ አንድ ቦታ የሚያፈስ ራዲያተር ለማስበየድ ከ2,000 እስከ 3,000 ብር ተጠርቶልኛል። የማውረጃና የመስቀያው ለመካኒኩ ለብቻ ነው። አዲሱ የአሉሚኒየም ኮፒ 15,000 ተብሎ ተጀምሮ 12,000 ላይ ቆመ። ያገለገለ ኦሪጅናል 9,000 ገደማ ነው፤ እሱም ከተገኘ። ኮሩን፣ ማለትም ቱቦዎቹ ያሉበትን የመሀሉን ክፍል፣ በመዳብ ማስቀየር ከ20,000 በላይ ይጠይቃል። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ እንዳለፈ ታስታውሳላችሁ። ከውጭ የሚገባው ዕቃ አብሮት ወጣ። የበያጁ የእጅ ዋጋ ግን ያን ያህል አልተከተለውም። ለእኔ የጥገናው ትልቁ ብልጫ እዚህ ላይ ነው።

የፋብሪካው ራዲያተር ከመዳብና ከነሐስ የተሠራ ነው። ሲሠራም በብየዳ ነው የተያያዘው፤ ስለዚህ ሲያፈስ ያንኑ ቦታ አሙቆ፣ አጽድቶ፣ እንደገና መበየድ ይቻላል። አዲሱ ኮፒ ግን መሀሉ አሉሚኒየም፣ ላይና ታቹ ፕላስቲክ ነው። ሁለቱን የሚያያይዛቸው ተጣጥፎ የተነከሰ የአሉሚኒየም ጠርዝና በመሀል ያለች ቀጭን ጎማ ናት። ፕላስቲኩ ከተሰነጠቀ ማጣበቂያ ቀብቶ ከመጸለይ ሌላ መላ የለውም።

የባለቤቴ ወንድም ይህን ሁሉ ነግሬው አልሰማኝም። «አዲስ ከአሮጌ ይሻላል» ብሎ ኮፒውን ገዛ። ገና ሲገጠም የብሎን ቀዳዳዎቹ አልገጥም አሉ፤ መካኒኩ በድሪል አሰፋቸው። የመሙያው አንገት ከልኩ ስለጠለቀ ክዳኑ ተዘግቶም እንፋሎት ያስወጣል። በዚያው ወደ ደብረ ማርቆስ ተነሳ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ቁልቁል ሲወርድ ደህና ነበር። ወደ ደጀን ሽቅብ ሲወጣ ነው ጉዱ የፈላው። የላይኛው ፕላስቲክ ከአሉሚኒየሙ ተላቀቀና ውሃው በአንዴ ወጣ። የዲኤክሱ ፎርኬ (4K) ሞተር ብሎኩ ብረት ነው፣ ላዩ ላይ የሚታሰረው ቴስታታ ግን አሉሚኒየም፤ ሙቀት አይችልም፣ ይጣመማል። ቴስታታው ቶርኖ ቤት ገባ፣ በብሎኩና በቴስታታው መሀል የሚገባው ጋርኒሲዮን ተገዛ፣ ዘይት ተቀየረ፣ መኪናው በመኪና ተጎትቶ ተመለሰ። ሒሳቡ ሲደመር ኮር ከማስቀየር በላይ ሆነ። ሻጩ ደግሞ «ዕቃ አንመልስም» አለ፤ ደረሰኝም አልሰጠውም ነበር።

የግድ አዲስ ካላችሁ እጃችሁን ተጠቀሙ። አሉሚኒየሙን ጥቁር ቀለም ቀብተው «መዳብ ነው» የሚሉ አሉ። በቁልፍ ጫፍ ከማይታይ ቦታ ትንሽ ፋቅ አድርጉት፤ ቢጫ ወይም ቀላ ያለ ካሳየ እውነት ነው፣ ነጭ ካሳየ ተዉት። አንስታችሁም መዝኑት፣ መዳብ ክብደቱ ራሱ ይናገራል። በማግኔት ልፈትን አትበሉ፤ ማግኔት ሁለቱንም አይስብም።

በያጅ መምረጥም ዓይን ይፈልጋል። ጎበዙ መጀመሪያ አፎቹን በጎማ ይደፍንና በርሜል ውሃ ውስጥ ነክሮ አየር ይሰጠዋል። አረፋ ከየት እንደሚወጣ አብራችሁ እዩ። አረንጓዴ ዝገት የጋገረበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው። ከተበየደም በኋላ እንደገና ካልነከረው ገንዘብ አትክፈሉ። ሌላው ተንኮል፣ የሚያፈሰውን ቱቦ ከመጠገን ይልቅ ጫፍና ጫፉን ደፍኖ መተው ነው። ማፍሰሱ ይቆማል፣ ግን በዚያ ቱቦ ውሃ አያልፍም፣ ሙቀትም አይወጣም። አንድ ሁለት ቱቦ ምንም አይል። «ስንት ደፈንክ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ከሦስት ካለፈ ኮር ስለማስቀየር አስቡ።

ኮር ማስቀየር ላይና ታቹን ነሐስ እንዳለ ትቶ የመሀሉን ብቻ ማደስ ነው። ውድ ነው፣ ግን ልኩ ስለማይቀየር እንደ ድሮው ይገጥማል። በቱቦዎቹ መሀል ያሉትን ስስ ክንፎች በጣት ስትነኩ የሚረግፉ ከሆነ ሌላ ምርጫ የለም፤ የበሰበሰ ነገር ብየዳ አይዝም። ያገለገለውን ኦሪጅናል በተመለከተ ቅር ይለኛል። የእናንተ መኪና ያየውን ዕድሜ እሱም አይቷል። ከገዛችሁ በርሜል ውስጥ ሳይነከር አትግዙ።

ማፍሰሱን እንዲያቆም ራዲያተር ውስጥ ስለሚጨመር ዱቄትና እንቁላል የሚጠይቀኝም አለ። መንገድ ላይ ቆማችሁ ቤት ለመድረስ ከሆነ ይሁን። ከዚያ ውጭ የሚያፈሰውን ቀዳዳ ሲደፍን ጤነኛውንም ቱቦ አብሮ ይደፍናል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ክዳኑን ቀይሩ። ከሁሉም ርካሹ ዕቃ እሱ ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ክፍት ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሞቀውን ውሃ ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው ቴርሞስታት የሚከፍተው 82 ላይ ነው። ደህና ክዳን፣ ብዙ ጊዜ 0.9 የሚል የጫና ቁጥር የተጻፈበት፣ ውስጡን ጫና ላይ ይዞ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ ሳይፈላ እንዲቆይ ያደርገዋል። የላላ ክዳን ካለ ግን ያላችሁ ዐሥር ዲግሪ ብቻ ነው። ራዲያተር ተቀይሮላቸው አሁንም «ያሞቃል» ከሚሉኝ ሰዎች ጥቂት የማይባሉት ችግራቸው ይኸው ነበር።

«እኛ አገር በረዶ የለም፣ አንቱፍሪዝ ለምን?» የሚል ክርክርም አለ። የምንፈልገው ዝገት ስለሚከላከል ነው። የቧንቧ ውሃ ብቻ ስትሞሉ ውስጡ እንደ ጀበና ቂጥ ኖራ ይጋግራል።

እና ደግሞ፣ ምንም ብትወስኑ አሮጌውን ራዲያተር መካኒኩ ጋ ትታችሁ አትውጡ። መዳብና ነሐስ በኪሎ ይሸጣል። «ይህን ቆሻሻ ልጣልልዎት» ካሏችሁ አመስግናችሁ ኋላ ወንበር ላይ ጫኑት፤ ኮር ስታስቀይሩ ላይና ታቹ ያስፈልጋችኋል፣ ካልሆነም ከሒሳቡ ይቀነስላችኋል።