የሰፈራችን የመንግሥት ትምህርት ቤት በልብስ ሰፊ ዐይን

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ስንት ልጅ እንደተመዘገበ ማንም ሳይነግረኝ ከሚመጣልኝ ጨርቅ አውቀዋለሁ። በ2017 መግቢያ ላይ ግን ጨርቁም ግራ አጋባኝ። በአማራ ክልል ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጪ ናቸው እየተባለ የእኔ ደጅ በልጆች ተጨናነቀ። ከጎዛምን ገጠር የመጡ ናቸው፤ በጦርነቱ ትምህርት ቤታቸው ተዘግቶ አክስትና አጎት ቤት የተጠጉ። «እትዬ፣ ለከርሞም እንድለብሰው ሰፋ ያድርጉልኝ» ይሉኛል። የሱሪውን ጫፍ አራት ጣት አጥፌ እሰፋለሁ።

በዚያው ዓመት እኔም የግሉን ክፍያ አልችለው ብል የ3ኛ ክፍል ልጄን ወደዚሁ የመንግሥት ትምህርት ቤት አዛወርኩት። ስሙን አልጽፍም፤ ከዚህ በታች የማነሣው ጉድለት የእሱ ብቻ አይደለምና።

ምዝገባው ወረፋ አለው፤ መሸኛ ያልያዘ ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ጭንቅ ነው። ልጄ በገባ በወሩ ሱሪው በአንድ ወገን ብቻ ሳስቶ አየሁት። የሰፋሁት እኔ ነኝና ጨርቁን አውቀዋለሁ፤ እንዲህ አያልቅም። ብጠይቀው ለሦስት በተሠራ ዴስክ ላይ አምስት ሆነው ይቀመጣሉ፤ እሱ ዳር ነው፤ ግማሽ ጎኑ ወጥቶ ነው የሚጽፈው። መጽሐፉንም ለሁለት ይጋሩታል። መጸዳጃ ቤቱ ውሃ ስለሌለው ልጁ ቤት እስኪደርስ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ከበሩ ጀምሮ እየሮጠ።

መምህሯን ግን አመሰግናለሁ። በግል ትምህርት ቤቱ ካርድ ላይ ልጄ አማርኛ 94 ነበረው፤ አንድ አንቀጽ ሳስነብበው ግን ፊደል እየቆጠረ ላቡ ይመጣ ነበር። ይህቺ ሴት በዚያ ሁሉ ልጅ መሀል በየጠዋቱ አራት አራቱን እያስነሣች ታስነብባለች። ኅዳር ላይ ልጄ ጨርቅ የጠቀለልኩበትን አሮጌ ጋዜጣ አንሥቶ ሳልጠይቀው አነበበልኝ። የስፌት መኪናዬን አቁሜ ሰማሁት።

በወላጆች ስብሰባ ላይ ርእሰ መምህሩ ያለፉትን ተማሪዎች በመቶኛ እያሰላ ሲያነብ እጄን አወጣሁ። «ካለፉት ስንቱ ያነባል?» አልኩ። ዝም ተባለ። የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲሰጥ በአገር ደረጃ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ የ2016ቱም ከ5.4 አላለፈም። የወደቁትም ልጆች ሰኔ በመጣ ቁጥር «ተዛውሯል» የሚል ካርድ ይዘው ቤታቸው ይገቡ ነበር።

ትንሿን ልጄንም መስከረም ላይ እዚያው አስመዘግባታለሁ። ከዴስኩ መሀል ቦታ እንድታገኝ ግን በጠዋት ቀድማ መግባት አለባት።