ኮንሲየርዥ ነው ወይስ ኖርማሉ ካቢን?
አቦ እህቴ ከሚኒሶታ ደውላ ልጆቹን በዲዝኒ መርከብ ልወስዳቸው ነው፣ ኮንሲየርዥ (ልዩ መስተንግዶ ያለው ውዱ ክፍል) ልያዝ ወይስ ኖርማሉን ትለኛለች፣ እኔ ድሬ ከዚራ ዛፍ ስር ተቀምጬ ስለ መርከብ ሳማክር አስቡት 😂

ኮንሲየርዡ ቀድሞ መሳፈር አለው፣ መክሰስና መጠጥ ያለበት የራሱ ላውንጅ አለው፣ ባሃማስ ባለችው ደሴታቸው ካስታዌይ ኬይ ላይ የሚከራዩትን ካባናዎች (ባህር ዳር ያሉ ጥላ ያላቸው ትንንሽ ጎጆዎች) ደግሞ ከሌላው ሰው ቀድመሽ ትይዣለሽ፣ ቶሎ ስለሚያልቁ ለኔ ዋናው ጥቅም ይሄ ነው።

ኖርማሉስ? የልጆች ክለቡ፣ ራቱ፣ ከምግብ ጋር ለስላሳው ለሁሉም ተከፍሎበታል፣ ልጆቹ እንደሆነ ከክለቡ አይወጡም፣ ላውንጁ ውስጥ ማን ሊቀመጥ ነው? ዋጋው ደሞ ሰማይና ምድር።

እማዬን ይዛ ብትሄድ ኮንሲየርዥ እላት ነበር፣ እሷ ሰልፍ አትችልም። ለሁለት ሕፃን ግን ኖርማሉን ያዢና በተረፈው ድሬ ነይ አልኳት።