አሮጌውን አምፕሊፋየር ልሽጠው ወይስ ላሠራው? ሳውንድ ባር ገዝቼ ያየሁት

ባለፉት ሁለት ወራት ብቻ አራት ሰው ይህንኑ ጠይቆኛል። "ያ ትልቁ ቴፕ ቆሟል፤ ሸጬው ሳውንድ ባር ልግዛ?" ትናንት ደግሞ እዚህ ጅማ አጂፕ ሰፈር ያለ ጓደኛዬ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ደወለ። አንዴ ጽፌው ልገላገል።

መልሴን አልደብቅም። አሠሩት። ሳውንድ ባር (ቲቪ ሥር የሚጋደመው ቀጭን ስፒከር) የሚሻልበት ቤት አለ፣ እሱንም እነግራችኋለሁ፣ ግን ከአንጀቴ አይደለም።

የእኔው ያማሃ አምፕሊፋየር (የድምፅ ማጉያው) ከሁለት ባለ 10 ኢንች ስፒከር ጋር ነው። በ2004 ዓ.ም. ከጅማ በዝውውር ከሚሄድ ሰው በ18,000 ብር ገዛሁት። እማዬ "በዚህ ብር የምትታለብ ላም አትገዛም ነበር?" ብላ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ። ከዚያ ለምዳው በገዛ እጇ የሠራችውን ዳንቴል አለበሰችው። የዳንቴሉን ጉዳይ እመለስበታለሁ።

2015 ክረምት ላይ የቀኙ ጎን ዝም አለ። ላሠራው ይገባ ነበር። ግን ጓደኞቼ ሁሉ ቲቪያቸው ሥር ቀጭን ጥቁር ነገር አጋድመዋል፤ እኔም ቀናሁ። መስከረም 2016 ላይ 38,500 ብር ከፍዬ ሳውንድ ባር ገዛሁ። የማን ምርት እንደሆነ ይቅር።

ለፊልም ጥሩ ነበር። ዜና አንባቢው ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ፍንዳታ ሲመጣ ሶፋው ይንቀጠቀጣል። ሙዚቃ ስከፍት ግን ቅር ይለኝ ጀመር። ማሲንቆ ላይ ጭራው ከጭራ ሲፋተግ የምትሰማዋ ሸካራ ድምፅ የለችም። ከታች ድብ ድብ፣ ከላይ ጭስ ጭስ፣ መሃሉ ባዶ። ለራሴ ግን አላመንኩም። 38,500 ብር የከፈለ ሰው ቶሎ አያምንም።

ኅዳር 2017 አንድ ማታ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቀዩ መብራት ሦስቴ ብልጭ አለና አበቃ። መርካቶ ወስጄ (የጅማውን መርካቶ ማለቴ ነው) የማምነው ቴክኒሻን ጋ አስከፈትኩት። ውስጡ አንድ ቦርድ ብቻ ነው። ፓወሩም፣ ማጉያውም፣ ብሉቱዙም እሱ ላይ ነው። የአንዳንዱ ዕቃ ቁጥር ሆን ተብሎ ተፍቋል። "ጋሼ፣ ቦርዱ አይገኝም?" አልኩት። "ይገኛል እንጂ፤ እንዳንተ የተቃጠለበት ሌላ ሰው ስታገኝ" አለኝ።

ለመለዋወጫ በ3,000 ብር ሸጥኩት። 35,500 ብር ለ14 ወር ማለት ነው። በወር 2,500 ብር ገደማ ከፍዬ ተከራይቼዋለሁ። በዚያ ላይ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋው ሌላ ሆኗል። ያንኑ ዓይነት ስጠይቅ 67,000 ብር አሉኝ። ባለሱቁን ዝም ብዬ አየሁትና ወጣሁ።

ወደ አሮጌው ተመለስኩ። ብር የበላኝ ስህተት የመጣው እዚህ ላይ ነው፣ በደንብ አንብቡት።

በቀኙ ጎን ድምፁን የሚያጎሉ አራት ትልልቅ ትራንዚስተር አለ። ቴክኒሻኖቹ "5200 እና 1943" የሚሏቸው ናቸው። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ ዕቃውን ራሴ ገዛሁ። አንዱ 250 ብር፣ "ኦርጅናል ነው" ተብሎ። አራቱ 1,000 ብር፣ የእጅ 1,000 ብር። በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ምሳ እየበላን፣ ያ የተቃጠለ ቦርድ ሽታ መጣ።

ጋሼ ምንም አልተቆጣም። የሞተውን ትራንዚስተር በፒንሳ ያዘና ቀጨው። ፕላስቲኩ ሲሰነጠቅ ውስጧ ያለችው ሲሊከን የምስር ክክ ታክላለች። ከዚያ ከመሳቢያው ድሮ የተቃጠለ ኦርጅናል አውጥቶ እሱንም ቀጨው። ይሄኛው የሽምብራ ክክ ያክላል። "ይቺን የምስር ክክ ነው እንግዲህ 15 አምፔር ተሸከሚ ያልካት" አለኝ። ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር እንኳ በእህቴ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሲታሽ ለቀቀ። ፎርጅድ ነበር፣ አራቱም።

ሁለተኛው ዙር ከሞተ አምፕሊፋየር የተነቀሉ ኦርጅናሎች ናቸው። አንዱ 600 ብር፣ አራቱ 2,400፣ የእጅ 1,500። ያገለገለ ኦርጅናል ከአዲስ ፎርጅድ ይሻላል፤ ይህን ለመማር 2,000 ብር ከፍያለሁ፣ እናንተ በነጻ ውሰዱት። ደግሞ ዕቃውን ራሳችሁ አትግዙ። ቴክኒሻኑ ገዝቶ ይግጠም፣ ከተቃጠለም ኃላፊነቱ የእሱ ይሁን።

ቀጥሎ ስፒከሮቹ። በወረቀቱ ዙሪያ ያለው ስፖንጅ ጣቴን ሳስነካው እንደ ደረቀ ኬክ ፈረፈረ። ስፖንጅ ዕድሜው ከ15 እስከ 25 ዓመት ቢሆን ነው፣ እርጥበትና ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለ ጫማ ሻጋታ የሚያበቅል አገር ነው። በስፖንጁ ፋንታ ዙሪያው ጎማ ከሆነ በጣም ይቆያል። ብዙ ሰው ስፖንጁ ሲበጣጠስ "ስፒከሩ ሞተ" ብሎ ይጥለዋል። አልሞተም። ማግኔቱና ኮይሉ (ከወረቀቱ ሥር የተጠቀለለው ቀጭን ሽቦ) ደህና ከሆኑ ስፖንጁ ብቻ ይለጠፋል። ጥንዱን ከአዲስ አበባ በ2,800 ብር አስመጣሁ፣ መላኪያ 200፣ መለጠፊያ 1,200።

ኮይሉ ደህና መሆኑን ለማወቅ ወረቀቱን በሁለት እጅ ጣቶች ዙሪያውን እኩል ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ግፉት። ክርር የሚል ድምፅ ካለ ኮይሉ እየነካ ነው። አንድ ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ደግሞ ለቅጽበት የስፒከሩ ሁለት ገመዶች ላይ ነካ አድርጉ። ጧ ብሎ ከተንቀሳቀሰ በሕይወት አለ።

የድምፅ መጨመሪያው ሲዞር ይንኮሻኮሽ ነበር። ኮንታክት ክሊነር የሚባለው የሚነፋ ማጽጃ 650 ብር። የበር ማጠፊያ ዘይት የሚነፉ አሉ፣ አታድርጉት፣ አቧራ ሰብስቦ ይብሳል።

ቲቪውን ለማገናኘት ኦፕቲካሉን (በብርሃን የሚወጣውን የቲቪ ድምፅ) ወደ ቀይና ነጩ ገመድ የሚቀይር ትንሽ ሳጥን ገዛሁ፣ 1,400 ብር። ገጥሜው ዝም አለ። "ደግሞ ተበላሁ" ብዬ ልመልሰው ስል የቲቪው ሴቲንግ ውስጥ የድምፁ አወጣጥ "ዶልቢ" ላይ መሆኑን አየሁ። "ፒሲኤም" ላይ ሳደርገው ተናገረ። ስንት ሰው ደህናውን ዕቃ መልሶ ይሆን?

ድምር፦ የከሰርኩትን 2,000 ጨምሮ 12,150 ብር። አዲሱ ሳውንድ ባር 67,000። እንግዲህ ፍረዱ።

አሁን ወደ ዳንቴሉ። ጋሼ ክዳኑን ሲከፍት መጀመሪያ የጠየቀኝ "ላዩ ላይ ምን ታስቀምጡበታላችሁ?" ብሎ ነው። የዚህ ዓይነት አምፕሊፋየር ይሞቃል፣ አየሩም በላዩ ቀዳዳ ነው የሚወጣው። እኛ ዳንቴል አልብሰነው፣ በዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ በዓል ሲሆን ደግሞ የፈንድሻ ሰሃን። በስተኋላ በኩል ደግሞ የአይጥ ጎጆ ወጣ። መብራት ሲሄድ ከሶኬት መንቀል፣ ሲመጣ አምስት ደቂቃ መታገሥ፣ ከላዩ አንድ ስንዝር ክፍት መተው። በቃ።

ከአሜሪካ ወይም ከጃፓን የመጣ ከሆነ ግን ከኋላው ያለውን ጽሑፍ ሳታዩ እንዳትሰኩት። የአሜሪካው 120፣ የጃፓኑ 100 ቮልት ነው፣ የእኛ ሶኬት 220። ከአጎቱ የተላከለትን ማራንትዝ በደስታ ብዛት ቀጥታ የሰካ ልጅ አውቃለሁ። ደስታው ሁለት ሰከንድ ቆየ።

ሌላው ጥያቄ እየተጎተተ የሚሄደው፣ መብራት የሚያበራው ትልቅ ስፒከር ነው። ካርቶኑ ላይ "10,000 ዋት ፒኤምፒኦ" ይላል፤ ለማስታወቂያ የሚጻፍ የተጋነነ ቁጥር ነው። ገልብጣችሁ የጀርባውን ጽሑፍ አንብቡ። ከመብራት የሚስበው 60 ዋት ከሆነ 10,000ውን ከየት ያመጣዋል? ለሰርግ ሞንታርቦ ተከራዩ፣ ለቤት ይቅርባችሁ።

ሳውንድ ባር የሚሻለው ለማን ነው? አንድ ክፍል ተከራይቶ በየዓመቱ ለሚቀያየር፣ ከፊልምና ከኳስ በቀር ለማይሰማ። መብራት ከፍ ዝቅ ሲልም ብዙዎቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ ከእኔው ያማሃ ይሻላሉ፤ ይህን አልክድም። እኔ ስታቢላይዘር ላይ ነው የምሰካው። ትራንስፎርመሩ የተቃጠለበት ሰውም ባይለፋ ይሻላል፤ እሱን ማስጠቅለል ዋጋውም ጣጣውም ብዙ ነው።

አምፕሊፋየር የሌለው ሰው ያገለገለ መግዛት ካማረው ቴክኒሻን ይዞ ይሂድ፤ 500 ብር ይስጠው። ቴክኒሻኑ ባለ 100 ዋት አምፖል በሲሪየስ (መብራቱ በአምፖሉ አልፎ ወደ አምፕሊፋየሩ እንዲሄድ) ገጥሞ ያብራው። የድሮው ባለ ክሩ አምፖል ነው፣ ኤልኢዲ አይሆንም። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። ቦግ እንዳለ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለ፣ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ። ማጉያው ሁሉም ነገር በአንድ ላይ የታሸገበት፣ ኤስቲኬ የሚባለው ዓይነት ከሆነም እለፉት፤ ከተቃጠለ ኦርጅናሉን ማግኘት መከራ ነው፣ ገበያው ላይ የሞላው ፎርጅዱ ነው።

የአጂፑ ጓደኛዬ ይህን ሁሉ በስልክ ሰማኝና "እሺ፣ ግን ባለቤቴ ቤቱን አጣበበው እያለች ነው" አለኝ። እሱን እንኳ እኔ አልገባበትም። የስፒከሮቹ ዙሪያ ስፖንጅ ሳይሆን ጎማ ከሆነ ግን ለሌላ ሰው ሳትናገር ለእኔ ደውል ብዬዋለሁ።