ሶኒ ማቪካ ኤፍዲ7፦ ፎቶን በፍሎፒ ዲስክ ላይ የሚያስቀምጠው ካሜራ በዛሬ ሚዛን

እ.ኤ.አ. በ1997 ለገበያ የቀረበውን ሶኒ ማቪካ ኤፍዲ7 ከአንድ ደኅና ሚሞሪ ካርድ ባነሰ ዋጋ ገዝቼ ሁለት ወር ያህል ስሠራበት ቆይቻለሁ። የገዛሁት ለጌጥ አይደለም። በየሳምንቱ የማነሣቸው የሠርግና የምርቃት ፎቶዎች ሃርድ ዲስኮቼን እየሞሉ ስላስቸገሩኝ፣ 1.44 ሜጋባይት ብቻ በሚይዝ ፍሎፒ (በቀድሞ ኮምፒውተሮች እየገባ መረጃ ይቀመጥበት በነበረ ስስ ዲስክ) ላይ ፎቶ ይቀመጥ በነበረበት ጊዜ ሥራው እንዴት ይሄድ እንደነበር በእጄ ይዤ ለመረዳት ፈልጌ ነው።

ካሜራው ሣጥን ይመስላል፤ እንዲህ የገዘፈውም በውስጡ ሙሉ የፍሎፒ ማንበቢያ ስለተሸከመ ነው። በዓይን የሚታይበት ቀዳዳ የለውም፤ ሁሉም ነገር የሚታየው በጀርባው ባለው 2.5 ኢንች ስክሪን ነው። ሌንሱ 10 እጥፍ ያቀርባል፤ ይህም ለዛሬ ካሜራ እንኳ የሚያስከብር ነው። ቁልፉ ከተጫነ በኋላ ዲስኩ እየተንጎራጎረ ፎቶውን እስኪጽፍ ድረስ ጥቂት ሰከንዶች መታገሥ ግድ ስለሆነ፣ የሚሮጥ ሕፃን ወይም እስክስታ የሚወርድ ሰው ተከታትሎ ማንሣት አይሞከርም።

አንድ ፎቶ 640 በ480 ነጥብ፣ ማለትም 307,200 ፒክስል አለው። ይህ ሳይጨመቅ፣ ለአንድ ነጥብ ሦስት ባይት ተይዞ ቢቀመጥ 921,600 ባይት ስለሚፈጅ አንድ ፍሎፒ ሁለት ፎቶ እንኳ አይዝም ነበር። ካሜራው ጄፔግ በሚባለው የተለመደ የፎቶ ፋይል ዓይነት ስለሚጨምቀው ግን በጥሩው የጥራት ደረጃ ከ15 እስከ 20 የሚደርሱ ፎቶዎች በአንድ ዲስክ ይገባሉ። በወረቀት ላይ ያለውን ውጤት ለመገመት፣ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ በሚለው የጥሩ ሕትመት ልክ ብናሰላው፣ የፎቶው ወርድ 5.4 ሴንቲሜትር ብቻ ይሆናል፤ ከጉርድ ፎቶግራፍ ብዙም አይበልጥም። በስክሪን ሲታይ ግን ቀለሙ ለስላሳ፣ የሰው ፊትም ደስ የሚል ነው፤ ይህን የምለው ከብዙ ፎቶ በኋላ ነው።

ለንጽጽር 61 ሚሊዮን ፒክስል ያለውን የዚያኑ ኩባንያ የቅርብ ዘመን ካሜራ፣ አልፋ 7አር 4ን እንውሰድ። ያልተጨመቀ የሮው ፋይሉ (ካሜራው የያዘውን ሁሉ ገና ሳይታረም የሚያስቀምጥበት ፋይል) ለአንድ ፒክስል ሁለት ባይት ቢይዝ 122 ሚሊዮን ባይት ያህል ይሆናል፤ ይህን አንድ ፎቶ ለማስቀመጥ 84 ፍሎፒ ያስፈልጋል። ተራ ፍሎፒ በደቂቃ 300 ጊዜ ሲሽከረከር በአንድ ዙር ሊነበብበት የሚችለው ቢበዛ 9,216 ባይት ስለሆነ፣ ዲስክ ለመቀየር የሚባክነውን ጊዜ ሳንቆጥር አንዲት ፎቶ ብቻ ወደ 44 ደቂቃ ትወስዳለች። በራምም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የተከፈተ ፋይል በሚዘረጋበት ጊዜያዊ ሜሞሪ በኩል ልዩነቱ የዚያኑ ያህል ነው። የማቪካ ፎቶ በኮምፒውተር ሲከፈት አንድ ሜጋባይት እንኳ አይሞላም፤ 32 ሜጋባይት ራም ለነበረው የዚያ ዘመን ኮምፒውተር ይህ ቀላል ነገር ነበር። የዛሬው ፎቶ ለእርማት በ16 ቢት (በእያንዳንዱ ነጥብ ለሦስቱ ቀለሞች ሁለት ሁለት ባይት ተይዞ) ሲዘረጋ 366 ሜጋባይት ይፈልጋል፤ ይህም ገና አንድም ለውጥ ሳይደረግበት ነው። እንግዲህ በማቪካ ዘመን ካሜራው፣ ዲስኩ፣ ራሙና ስክሪኑ እርስ በርስ ይመጣጠኑ ነበር፤ እኔ ዛሬ የምቸገረው ካሜራዬ ሌሎቹን ሁሉ ጥሎ ስለሮጠ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረቴን የሳበው ግን አቅሙ ሳይሆን በዲስኩ ላይ ያገኘሁት ነገር ነው። ካሜራው ለእያንዳንዱ ፎቶ ሁለት ፋይል ይጽፋል፤ አንዱ ጄፔግ ነው፣ ሌላው ደግሞ ስሙ በ.411 የሚያበቃ፣ 4,608 ባይት ብቻ የሚይዝ፣ ፎቶዎቹን በስክሪኑ ላይ አሳንሶ ለመደርደር የሚያገለግል ጥቃቅን ምስል ነው። ጄፔጉን ወደ ስልኬ ባዛወርሁት ጊዜ ያለ አንዳች ልዩ ፕሮግራም ወዲያው ተከፈተ። የ.411ዱን ፋይል ግን ከነበሩኝ የፎቶ ፕሮግራሞች አንዱም አላወቀውም። አንድ ዲስክ ላይ፣ በአንድ ቅጽበት፣ በአንድ ካሜራ የተጻፉ ሁለት ፋይሎች ዕጣቸው እንዲህ የተለያየው አንደኛው ሁሉም ሰው በተስማማበት አጻጻፍ፣ ሌላኛው ግን ለካሜራው ብቻ በሚመች አጻጻፍ በመቀመጡ ነው። እኔም ከዚህ በኋላ ለደንበኞቼ ከሮው ፋይሉ ጎን ሁልጊዜ ሙሉ መጠን ያለው ጄፔግ ለመስጠት ወስኛለሁ።

ባትሪው አያሳስብም። ኤንፒ-ኤፍ የሚባለው የባትሪ ቤተሰብ ለቪዲዮ መብራቶች እስከ ዛሬ ስለሚያገለግል በየሠርጉ ከሚቆሙት መብራቶች ላይ ነቅሎ መጠቀም ይቻላል። የሚያሳስበው ዲስኩ ነው። ሶኒ በጃፓን ፍሎፒ መሸጥ ያቆመው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 ስለሆነ፣ አሁን የሚገኘው ሁሉ ዕድሜ የተጫነው ነው፤ የተለያየ ስም ካላቸው ካገኘኋቸው 10 አሮጌ ዲስኮች 3ቱ ጨርሶ አልተነበቡም።

ለገቢ የሚሠራ ፎቶ አንሺ ይህን ካሜራ እንዲገዛ አልመክርም። ፎቶግራፍ ለሚያስተምር ሰው ግን፣ ፒክስል፣ ጭመቃና የዲስክ ቦታ እንዴት እንደሚገናኙ በተማሪው ፊት በዓይንና በጆሮ የሚያሳይ የተሻለ መሣሪያ አላየሁም። በቤቱ የቆየ ባለፎቶ ፍሎፒ ያለውም ሰው በዩኤስቢ የሚሰካ ማንበቢያ ቢገዛ መልካም ነው። ዲስኩን ከማስገባቱ በፊት በማዕዘኑ ያለችውን ትንሽ መዝጊያ ገፍቶ ቀዳዳዋን ክፍት ያድርጋት፤ ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ በላዩ ሊጽፍበት አይችልም። ከዚያም ፎቶዎቹን ከዲስኩ ላይ አንድ በአንድ እየከፈተ ከማየቱ በፊት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይገልብጥ፤ ያረጀ ዲስክ ሁለተኛ ጊዜ ላይነበብ ይችላልና።